ጌሙ ሲዘጋ ማን ከማን ተጣላ?

(በቤር ሼቫ በአንድ ማትናስ ለወላጆችና ለልጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራና ስለ ማሽካንታ መነጋገር ሲገባን፣ ልጆች «ጌም» ስለሚሉት የኮምፒውተር ጨዋታ ስብሰባ መጥራት ምን ይሉታል የሚል ይኖራል። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛና በወላጆች ጉዳይ የምንሠራ ሰዎች ግን ወደየቤቱ ስንገባ የምናየው ሌላ ነው። የልጁ የቤት ሥራ፣ የእናትየው የቢቱዋህ ሌኡሚ ጉዳይ፣ የአባትየው የደመወዝ ወረቀት፣ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የተላከው የዘመድ ፎቶግራፍ ሁሉ ያለው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ጌሙም እዚያው ነው። በ2020 በኮሮና ጊዜ፣ ከዚያም በጦርነቱ ወራት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችን ክፍላቸውን ያገኙት በዚሁ ዕቃ ነበር። ስለዚህ በጌም ምክንያት በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ስህተት ቤቱን ሁሉ ይነካል።

ጌሙ በመሐል እየተዘጋ ሲያስቸግር በቤታችን ከሦስት ነገሮች አንዱ ሲሆን እናያለን። አንዳንዱ ወላጅ «ይህ ኮምፒውተር አርጅቷል» ይልና በተሽሉሚም አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በሳምንቱ እንደ አሮጌው ይዘጋል። አንዳንዱ በልጁ ጩኸት ተናዶ ገመዱን ይነቅላል፤ ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ኩርፊያ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «እኔ ይህን አላውቅም» ብሎ ልጁን ለብቻው ይተወዋል። ልጁም በኢንተርኔት ላይ ያየው ሰው ያለውን ሁሉ ያደርጋል፤ አንቲቫይረሱን አጥፋ ቢሉት ያጠፋል፣ ይህን አውርድ ቢሉት ያወርዳል። ከሦስቱ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የተደረገውን ማንም አያውቅም።

እኛ ልንነግራችሁ የመጣነው አንድ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ በውስጡ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች ተጣልተዋል። ጠብ ደግሞ በሥርዓት ከተጠየቀ ይፈታል። ለዚህም ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም የማያነብ ወላጅ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ትልቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ጠቡ ምን ዓይነት ነው?

በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ስክሪን፣ አንድ የድምፅ መሣሪያ፣ ልኩ የተወሰነ አንድ ማኅደረ ትውስታ አለ። በአንድ ጊዜ ግን ብዙ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ወረፋውን የሚያስይዘው ዊንዶውስ ነው። ድራይቨር የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ እሱ የዊንዶውስን ትእዛዝ ለስክሪኑ፣ ለድምፁና ለኪቦርዱ የሚያስተረጉም ነው። አስተርጓሚ አሳስቶ ሲተረጉም ምን እንደሚደርስ እኛ ኦሊሞች ከማንም በላይ እናውቃለን። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ነገር በአንድ ጊዜ ሲይዙ፣ ወይም አስተርጓሚው ሲሳሳት፣ ሁሉን የሚጠይቀው ጌሙ ስለሆነ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1994 ዲስኒ «ላየን ኪንግ» የተባለውን ፊልም ተከትሎ ለሕፃናት የኮምፒውተር ሲዲ አውጥቶ ነበር። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ብዙ ወላጆች ለገና በዓል ገዙት። ሕፃናቱ በኮምፓክ ፕሬዛሪዮ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ግን ኮምፒውተሩ ይወድቅ ጀመር። የሲዲው ስዕሎች የሚሠሩበት «ዊንጂ» የተባለ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ከነዚያ ኮምፒውተሮች የስክሪን ድራይቨር ጋር አልተስማማም ነበር። ሲዲው ለብቻው ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩም ለብቻው ደህና ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አልሆነም። ማይክሮሶፍት በ1995 ዳይሬክትኤክስ የተባለውን አዲስ የጌም መሠረት ካወጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ውድቀት ነበር።

በራሳችን ፊደልም ደርሷል። በ1990ዎቹ ዓመታት በኮምፒውተር አማርኛ የጻፈ ሰው ያስታውሰዋል። ፓወር ግዕዝ ነበረ፣ ቪዥዋል ግዕዝ ነበረ፣ ሌሎችም ነበሩ። እያንዳንዱ ፊደሎቻችንን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ለሁሉም አንድ ቁጥር ሲሰጠው ነው ነገሩ መስተካከል የጀመረው። ፊደሉ ጥፋት አልነበረበትም፤ የጠፋው ስምምነት ነበር።

የልጆቻችንን ቃል እንወቅ

ልጁ «ኒትቃ» ካለ ስዕሉ በስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ ማለቱ ነው። «ካራስ» ካለ ጌሙ በራሱ ተዘጋ ማለቱ ነው። «ማሳኽ ካሖል» ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሙሉ ቆሞ ሰማያዊ ስክሪን ወጣ ማለት ነው። ከ2025 ወዲህ በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ይህ ስክሪን ጥቁር ሆኗል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። የተዘጋው ጌሙ ብቻ ከሆነ ጠቡ በጌሙና በአንድ ጎረቤቱ መካከል ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ በሙሉ ከወደቀ ግን ነገሩ ወደ ድራይቨሩ ወይም ወደ ዕቃው ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ «ተበላሸ» ሲል «እንዴት ተበላሸ?» በሉት።

በቤታችን የሚጣሉት እነማን ናቸው?

አንደኛ፣ ሁለት ጠባቂዎች። ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚባል የራሱ አንቲቫይረስ አለው። ሻጩ ሌላ ይጭንበታል፣ ዘመድ ደግሞ ሦስተኛ ይጨምርበታል። ሁለት ጠባቂዎች አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ልመርምር ሲሉ ጌሙን ያዘገዩታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይዘጉታል። አንድ ጠባቂ ይበቃል። ትርፉ ይነሳ፤ ሁለቱም ግን አይጥፉ።

ሁለተኛ፣ በጌሙ ላይ የሚደረቡ ፕሮግራሞች። ዲስኮርድ የሚያወሩትን ጓደኞች ስም በጌሙ ላይ ያሳያል። ስቲም የራሱን መስኮት ይከፍትበታል። የግራፊክስ ካርዱ ፕሮግራም ጨዋታውን ይቀርጻል። ሌላው የስዕሉን ፍጥነት በቁጥር ይጽፍበታል። አራቱም አንዱን ስዕል ካልነካን ይላሉ። የእነዚህ መደረቢያ «ኦቨርሌይ» ይባላል፤ ከየፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ የሚጠፋ የልጁ ነገርም የለም።

ሦስተኛ፣ ማጭበርበርን የሚከላከሉ ፕሮግራሞች። ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትባቸው ጌሞች ከዚህ ዓይነት ጠባቂ ጋር ይመጣሉ። በ2020 ከቫሎራንት ጌም ጋር የመጣው «ቫንጋርድ» ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳና በዊንዶውስ ጥልቅ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነው። በዚያው ዓመት የኮምፒውተርን ሙቀትና ማራገቢያ የሚቆጣጠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞችን ድራይቨር አግዶ ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። አጭበርባሪን ልያዝ ያለው ጠባቂ የቤቱን ሠራተኛ ያዘ ማለት ነው።

አራተኛ፣ በጌም ላይ የሚጨመሩ «ሞዶች»። ማይንክራፍት የሚጫወት ልጅ ይህን ያውቀዋል። አንዱ ሞድ ለአንድ የጌሙ እትም የተሠራ ነው፤ ጌሙ ወደ አዲስ እትም ሲያልፍ ሞዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወይም ሁለት ሞዶች አንዱን ነገር ለመለወጥ ይሻማሉ።

አምስተኛ፣ የዊንዶውስ አፕዴት። በኖቬምበር 2024 ማይክሮሶፍት ራሱ የዊንዶውስ 11 አዲስ እትም አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላን፣ ስታር ዋርስ አውትሎስንና ሌሎች የዩቢሶፍት ጌሞችን እንደሚያደርቅ ገልጾ፣ እነዚህ ጌሞች ላሉባቸው ኮምፒውተሮች አፕዴቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ያን ጊዜ ልጁም ወላጁም ምንም ጥፋት አልነበራቸውም።

ስድስተኛው በእኛ ቤት በብዛት የሚገኝ ነው። ኮምፒውተራችን ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ይጽፋል። በዊንዶውስ ውስጥ አልትና ሺፍት አብረው ሲጫኑ ቋንቋው ይለወጣል። በብዙ ጌም ደግሞ ሺፍት መሮጫ ነው። ልጁ ሲሮጥ አልትን ቢነካ ኪቦርዱ ወደ ዕብራይስጥ ወይም ወደ አማርኛ ይገባና በአንዳንድ ጌሞች ጀግናው እንደ ሐውልት ይቆማል። ልጁም «ኒትቃ» ይላል። መድኃኒቱ ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ኪቦርዱን እንግሊዝኛ ላይ ማድረግ ነው። ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የተጠቃሚው ስም በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ ከሆነ የልጁ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማኅደር በዚያ ስም ይጠራል። አንዳንድ ጌሞች ከእንግሊዝኛ ፊደል በቀር ስለማያነቡ ያን ማኅደር አግኝተው መክፈት አይችሉም። በኋላ ስሙን ብቻ ብንለውጥ ማኅደሩ አይለወጥም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አዲስ ተጠቃሚ መክፈት ያስፈልጋል። ለዚህ ብቻ ለቴክናይ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

እንዴት እንጠይቅ?

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ «ጥፋተኛው አንተ ነህ» ብሎ አይጀምርም። ነገሩ መቼ ተጀመረ፣ ከዚያ በፊት እንዴት ነበራችሁ፣ ማን አየ ብሎ ይጠይቃል። ለኮምፒውተርም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ደብተር ያዙና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. «ትናንት ደህና ከነበረ ከትናንት ወዲህ ምን አዲስ ነገር መጣ?» አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ሞድ፣ አፕዴት፣ አዲስ ማዳመጫ ሁሉ ይጻፍ። የኮምፒውተሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ በፍለጋው ላይ «ሪላያቢሊቲ» ተብሎ ሲጻፍ የየቀኑ መዝገብ ይወጣል፤ ፕሮግራም የወደቀበት ቀን ቀይ የኤክስ ምልክት አለበት፣ በዚያ ቀን የተጫነውም ይታያል። ልጁ ቢረሳ መዝገቡ አይረሳም።

2. «የሚዘጋው አንድ ጌም ነው ወይስ ሁሉም?» አንድ ብቻ ከሆነ ጠቡ ከዚያ ጌም ጋር ነው። ሁሉም ከሆነ፣ ያለ ጌምም ኮምፒውተሩ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፕሮግራም ላይሆን ይችላል። የነገቭ አቧራ ማራገቢያውን ሞልቶት፣ በበጋው ሙቀት ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን እየጠፋ ይሆናል። ላፕቶፕ በአልጋ ልብስ ላይ ሲቀመጥ አየር አያገኝም። ገመዱን ነቅሎ አቧራውን ማስወገድ፣ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው።

3. የወጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ። ብዙውን ጊዜ በዜሮና በኤክስ የሚጀምር ረጅም ቁጥር አለበት። ቁጥሩ በየቋንቋው አንድ ነው፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ዕብራይስጥ የማታነብ እናት ይህን ቁጥር በደብተር ገልብጣ ለሚያውቅ ሰው ብታሳይ ግማሹን ሥራ ሠርታለች።

4. ቀላሉን አስቀድሙ። ኮምፒውተሩን «ሃፍአላ ሜሓዳሽ» በሚለው አስነሡት፤ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሲጠፋ የተወሰነ ነገር በልቡ ይዞ ስለሚያድር አጥፍቶ ማብራት ብቻ እንደዚህኛው አያጸዳውም። ቀጥሎ ጌሙን አፕዴት ማድረግ፣ በስቲም ከሆነም የጌሙን ፋይሎች ማስመርመር። ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ከሠሪው፣ ማለት ከኢንቪዲያ፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኢንቴል ገጽ ብቻ ማውረድ።

5. ይህ ሁሉ ካልበቃ ለሁለት ክፈሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አብረው ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ። 16 ናቸው እንበል። 8ቱን አቁሙና ኮምፒውተሩን አስነሥታችሁ ጌሙን ሞክሩ። ካልተዘጋ ጠበኛው ካቆማችኋቸው 8 መካከል ነው፤ ከተዘጋ ከቀሩት 8 መካከል ነው። ከዚያ 4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1። 16 ፕሮግራም አንድ በአንድ ከመሞከር በ4 ሙከራ ይደረስበታል። የማይንክራፍት ሞዶችም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። አንቲቫይረሱንና የጌሙን የማጭበርበር ጠባቂ ግን አትንኩ፤ ያለ ሁለተኛው ጌሙም አይከፈትም። ሲጨርሱ የቆሙትን መመለስ አይረሳ።

6. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ለውጡንም ጻፉ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ልጅ ጌሙ ቢሠራለትም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፣ በሚቀጥለው ወርም ከዜሮ ይጀምራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!

መደረግ የሌለበት

ለጌም ተብሎ አንቲቫይረስ ለዘለዓለም አይጠፋም። በዚያው ኮምፒውተር ባንክ የሚገባ ሰው አለ። በነጻ የሚገኝ የተሰረቀ ጌም፣ ሁልጊዜ ለማሸነፍ የሚረዳ ነው የሚባል ፕሮግራም፣ «ድራይቨሮችህን ሁሉ አድሳለሁ» የሚል ማስታወቂያ፣ እነዚህ ሁሉ ሌባ የሚገባባቸው በሮች ናቸው። «ከማይክሮሶፍት ነው የምንደውለው፣ ኮምፒውተርህ ታሟል» የሚል ስልክ ውሸት ነው፤ ማይክሮሶፍት ሳይጠሩት አይደውልም። ዝጉበት።

ኮምፒውተሩ «ፎርማት» ይደረግ የሚል ቴክናይ ሲመጣ በመጀመሪያ ፎቶግራፉና ሰነዱ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የተባለው ለዚህ ነው። የሞቱብን ዘመዶች ፎቶ ተመልሶ አይነሣም።

ሌባ ገብቷል፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሰው ተይዟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ 119 ደውሉ። ይህ የመንግሥት የሳይበር ማዕከል የሚሠራው እዚሁ በከተማችን በቤር ሼቫ ነው። በጌም ውስጥ ልጁን የሚያስፈራራ፣ ፎቶ ላክ የሚል ወይም የሚያዋርደው ሰው ካለ ደግሞ ልጆችን በኢንተርኔት ላይ የሚጠብቀው 105 አለ። ልጁ ይህን የሚነግራችሁ፣ ጌሙ ሲዘጋ ሳትጮኹበት አብራችሁት የተቀመጣችሁ ከሆነ ነው።

የማያውቅ ሁሉ አይፈር

አንዳንድ ወላጅ «እኛ መሃይሞች ስለሆንን ነው ኮምፒውተሩ የሚያስቸግረን» ሲል እንሰማለን። ይህ ልክ አይደለም። በጁላይ 19፣ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለ ታላቅ የጥበቃ ኩባንያ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ላከና በዓለም ዙሪያ ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን አወጡ። አየር መንገዶች ቆሙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ያም የጠባቂ ፕሮግራምና የዊንዶውስ ጠብ ነበር፤ በልጃችን ክፍል ውስጥ የሚደርሰው በትልቁ ደረሰ ማለት ነው። ዓለምን ያሠሩት ሊቃውንት ችግሩን የፈቱትም «ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብለው በመጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ልናስታውሳችሁ የምንወደው ነገር አለ። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የሃይ-ቴክ መንደር በ2013 ተከፍቷል። በዚያ ከሚሠራው ሥራ አንዱ ፕሮግራም ለምን እንደወደቀ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ይከፈላል። ልጃችን ጌሙ ሲዘጋ በደብተሩ ቀኑን ጽፎ፣ ቁጥሩን ገልብጦ፣ ለሁለት ከፍሎ ጠበኛውን ካገኘ ያን ሥራ በትንሹ ጀምሮታል። ጠረጴዛውን እየመታ ካደገ ግን የተማረው ጠረጴዛ መምታት ነው።

ከትምህርት ቤቶችና ከማትናሱ የምንጠይቀው አለን። ለቤተሰብ ኮምፒውተር ሰጥቶ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ አጠቃቀሙ በአማርኛም ይነገር። በሳምንት አንድ ምሽት ከፍ ያሉ ተማሪዎች ከመምህር ጋር ተቀምጠው ቤተሰብን የሚረዱበት ክፍል ይከፈት። ልጆቻችን እርስ በርስ ቢማማሩ ክብሩ ለሁላችን ነው።

ከእናንተ ከወላጆች የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ልጁ «ካራስ» ብሎ ሲጮህ ገመዱን አትንቀሉ፣ ቦርሳችሁንም አታውጡ። ወንበር ስባችሁ ከጎኑ ተቀመጡና «ልጄ፣ ከትናንት ወዲህ ምን አዲስ ነገር መጣ?» በሉት። እሱ ስክሪኑን ያነብላችኋል፤ እናንተ ጥያቄውን ትጠይቁታላችሁ። በልጅ አንደበት መናገር በለመደ ቤት ውስጥ፣ ጠያቂው ወላጅ ሲሆን ሥርዓቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

 በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ሰላም ግቡ።